ጠላ ለመጥመቅ ምን ያስፈልጋል?

ገብስ የደጋ እህል ነው። በባሌ ደጋ፣ በሮቤ፣ በጎባ፣ በሲናናና በዲንሾ ገብስ ከጥንት ጀምሮ ይዘራል። እዚህ አገር ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። ስለዚህ አዝመራውም ሁለት ነው። አንዱ ገና ይባላል፤ ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ያለው ነው። ሁለተኛው ቦና ይባላል፤ ከሐምሌ ማለቂያ ተነሥቶ እስከ ታኅሣሥና ጥር ይዘልቃል። ከገብስ ቂጣ፣ ገንፎ፣ በሶና ቆሎ ይሠራል። ጠላም ይጠመቃል። በኦሮምኛ ፋርሶ ይባላል።

ጠላ ለበዓል፣ ለሠርግ፣ ለደቦና ለተዝካር ይቀርባል። ብዙ እናቶችም ጠላ ሸጠው ለልጆቻቸው ደብተርና ልብስ ይገዛሉ። ጋኑ ከተበላሸ ግን ገብሱም፣ ማገዶውም፣ ድካሙም ከንቱ ይቀራል። ከዚያም የባሰ አለ። በመጥፎ እህል ወይም በመጥፎ ዕቃ የተጠመቀ ጠላ ሰው ይጎዳል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ሦስት ነገር እናያለን። አንደኛ ዕቃ አመራረጥ፣ ሁለተኛ እህል አመራረጥ፣ ሦስተኛ ጠላ አጠማመቅ።

እኔ ይህን ትምህርት ከመጽሐፍ ብቻ አላገኘሁትም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ብቅል ምን እንደሆነ አንብቤ ነበር፤ እጄን ግን አስገብቼ አላውቅም። ሮቤ አካባቢ ፊደል ካስተማርኳቸው እናቶች አንዷ ጥንስስ አስተማሩኝ። «አንተ ሀሁ አሳየኸኝ፤ እኔ ደግሞ ጋን አሳይሃለሁ» አሉኝ። በሉ እንግዲህ፣ የሳቸውንና የመጽሐፉን አንድ ላይ አድርገን እንማር።

፩. ዕቃ አመራረጥ

ጋን። ለጠላ ዋናው ዕቃ ጋን ነው። ጋን ስትገዙ በጣታችሁ አንኳኩት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደኅና ነው። የታፈነ ድምፅ ከሰጠ የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል። ቤት ወስዳችሁ ውሃ ሙሉበትና አሳድሩት። ውሃው የደረሰበትን ቦታ በከሰል ምልክት አድርጉ። ጠዋት ውሃው በጣም ከወረደ ጋኑ ያፈስሳል ማለት ነው። አዲስ ጋን ጥቂት ያዣል፤ ይህ አያስደነግጥም። ውሃና አተላ ሞልታችሁ ጥቂት ቀን ብታቆዩት ይሟሻል።

ለጀማሪ ትልቅ ጋን አይመከርም። 30 ሊትር ያህል የሚይዝ ይበቃል። ቢበላሽ የሚጠፋው እህል ትንሽ ነው። እጅ ሲፈታ ወደ ትልቁ ይኬዳል።

ጀሪካንና በርሜል። ዛሬ ብዙ ሰው በፕላስቲክ በርሜል ይጠምቃል። ፕላስቲክ አይሰበርም፤ ለማጠብም ይቀላል። ነገር ግን ምን ተይዞበት እንደነበረ ማወቅ ግዴታ ነው። የባሌ ስንዴና ገብስ የአረምና የተባይ መድኃኒት ይረጭበታል። መድኃኒቱ ሲያልቅ ባዶው ዕቃ ገበያ ይወጣል። ይህ ዕቃ ለውሃም፣ ለዘይትም፣ ለጠላም አይሆንም። አሥር ጊዜ ቢታጠብም አይሆንም። መርዙ ፕላስቲኩ ውስጥ ይሰርጋል፤ ቀስ በቀስም ወደ ጠላው ይወጣል።

ያስተማሩኝ እናት ይህ ደርሶባቸዋል። አንድ ቀን ገበያ ርካሽ ጀሪካን አግኝተው ገዙ። በአመድና በግራዋ አጥበው ጠላ ገለበጡበት። በማግስቱ ሲቀምሱት ጠላው እንግዳ ሽታ ሸተታቸው። ጎረቤት «ምንም አይል፤ ሽጪው» አላቸው። የገብሱ ገንዘብ የልጃቸው የትምህርት ቤት ልብስ ነበር። ቢሆንም ሁሉንም ጉድጓድ ቆፍረው ደፉት። አተላውንም ለላም አልሰጡም። «ገብስ ቢደፋ ይሻላል እንጂ ሰው አይደፋ» አሉኝ። ልብሱ ያን ጊዜ ሳይገዛ ቀረ። ሰው ግን አልታመመም።

በዚንክ የተለበጠ የቆርቆሮ ባልዲና በርሜልም ለጥንስስ አይሆንም። ጠላ ኮምጠጥ ያለ ስለሆነ ዚንኩን ያሟሟዋል፤ የጠጣውም ሰው ሆዱን ሊያመው፣ ሊያስመልሰውም ይችላል። ውሃ ለመቅዳት ብቻ ይሁን።

ምጣድ። ቂጣ ለመጋገርና እንኩሮ ለማንኮር ያስፈልጋል። የእንጀራው ምጣድ ይበቃል።

ሙቀጫና ዘነዘና። ጌሾ ይወቀጥበታል። በርበሬ የተወቀጠበት ከሆነ አስቀድሞ በደንብ ይታጠብ።

ወንፊትና ንጹሕ ጨርቅ። ጠላው ሲደርስ ይጠለልበታል። ጨርቁ በሳሙና ከታጠበ በኋላ በብዙ ውሃ ይለቅለቅ።

ረጅም ማማሰያ፣ ቅል ወይም ጣሳ። ማማሰያው ጋኑን እስከ ታች የሚደርስ ይሁን። ቅሉ ለመቅጃ ነው።

መለኪያ። ብዙ እናቶች በዓይናቸው ይለካሉ። ዓይናቸውም አይሳሳትም። ለጀማሪ ግን አንድ ጣሳ ይመረጥና ሁልጊዜ በእሱ ይሰፈር። ዛሬ በትልቅ ጣሳ፣ ነገ በትንሽ ጣሳ ከተሰፈረ ጠላው አንድ ዓይነት አይሆንም።

፪. ዕቃ ማጠብና ማጠን

ጠላ የሚበላሽበት ዋናው ምክንያት የዕቃ አለመጽዳት ነው። በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን አሉ። አንዳንዱ ጠላውን ያፈላል፤ እሱ ወዳጅ ነው። አንዳንዱ ግን ጠላውን ሆምጣጤ ያደርገዋል። ወዳጁ እንዲገባ ጠላቱ አስቀድሞ መውጣት አለበት።

ጋኑ በግራዋ ቅጠል ተፈትጎ ይታጠባል። በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። ከዚያም ይታጠናል። የወይራ ፍልጥ በፍም ላይ ይደረግና ጋኑ ጭሱ ላይ ይደፋል። ውስጡ እስኪሞቅና ጭሱን እስኪጠጣ ይቆያል። ጭሱ ጎጂውን ተሕዋስ ያዳክማል፤ ለጠላውም መልካም ሽታ ይሰጣል። ለዚህ የደረቀ ቅርንጫፍ ይበቃል። አንድ ጋን ለማጠን የቆመ ወይራ መቁረጥ ደኑን መጨረስ ነው።

የፕላስቲክ በርሜል አይታጠንም፤ ይቀልጣል። እሱን በፈላና ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ነው።

፫. እህል አመራረጥ

ለጠላ ገብስ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳና ጤፍ ይሆናል። በባሌ ደጋ ግን ገብሱ ቅርብ ነው። አሩሶ የሚባለው ያገሬው ገብስ ቶሎ ይደርሳል፤ ገበሬው ይወደዋል። የቢራ ገብስ የሚባልም አለ። እሱ ለብቅል ፋብሪካ ይሸጣል። በአርሲ፣ በአሰላ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመ የብቅል ፋብሪካ አለ። ፋብሪካው ብቅል አዘጋጅቶ ለቢራ ጠማቂዎች ይሸጣል። ፋብሪካው የሚሠራውና እናቶች በኮባ ቅጠል የሚሠሩት ሥራ በመሠረቱ አንድ ነው። ልዩነቱ የመጠንና የመሣሪያ ነው።

እህሉ ሲመረጥ አራት ነገር ይታይ።

1ኛ. የሻገተ እህል ይውጣ። ሻጋታ መርዝ ይተዋል። ቢቆላም መርዙ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

2ኛ. ለዘር የተዘጋጀና መድኃኒት የተቀባ እህል ለምግብ አይሆንም። ብዙውን ጊዜ ቀለም ተቀብቶ ይታወቃል። ቢታጠብም አይበላም፤ አይጠጣም።

3ኛ. እንክርዳድ ይለቀም። አንዳንድ ሰው «ጠላውን ያበረታዋል» ብሎ እንክርዳድ ይተዋል። ይህ ስሕተት ነው። እንክርዳድ ራስ የሚያዞረው መርዝ ስላለበት ነው እንጂ ጠላው ጠንክሮ አይደለም።

4ኛ. የአይጥ ኩስ የሚመስል ጥቁርና ረዘም ያለ ፍሬ ከታየ በጥብቅ ይለቀም። ይህ ኧርጎት የሚባል ሻጋታ ነው፤ በእህሉ ራስ ላይ ይበቅላል። የደም ሥርን ያጠብባል። እጅና እግር ደም አጥቶ ይጠቁራል፤ ሰውም ሊሞት ይችላል። በ1970 ዓ.ም. በወሎ በእህል ውስጥ በተቀላቀለ ስናር ምክንያት ይህ በሽታ ብዙ ሰው ጎድቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ በጎረቤታችን በአርሲ በገብስ መጥቶ ሰው አካሉን አጥቷል። ስለዚህ እህል መልቀም የሥራ ፈት ሥራ አይደለም። ነፍስ ማዳን ነው።

፬. ብቅል

ብቅል ለምን ያስፈልጋል? የገብስ ፍሬ ውስጡ ዱቄት ነው። ዱቄት በቀጥታ አልኮል አይሆንም። አስቀድሞ ስኳር መሆን አለበት። ፍሬው ሲበቅል ዱቄቱን ወደ ስኳር የሚለውጥ ነገር በውስጡ ይፈጠራል። ይህ ኢንዛይም ይባላል። ብቅሉን ስትቀምሱት የሚጣፍጠው ለዚህ ነው። ኢንዛይሙ ያልበቀለውንም ዱቄት ይለውጣል። ስለዚህ ጥቂት ብቅል ብዙ እህል ይረዳል። ኢንዛይም ግን እሳት አይወድም። ብቅል በፀሐይ ይደርቃል እንጂ በምጣድ አይቆላም።

አስቀድማችሁ ገብሱ የሚበቅል መሆኑን ፈትኑ። 100 ፍሬ ቁጠሩ። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ። ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በኋላ የበቀለውን ቁጠሩ። ከ90 በላይ ከበቀለ መልካም ነው። ከ80 በታች ከሆነ ሌላ ገብስ ፈልጉ። አሁን የታጨደ ገብስ ጥቂት ሳምንት ሳያርፍ በደንብ ላይበቅል ይችላል። ያን ጊዜ ቆይታችሁ እንደገና ሞክሩ።

አበቃቀሉ እንዲህ ነው። ገብሱ ተለቅሞ አንድ ቀን ሙሉ በውሃ ይዘፈዘፋል። ውሃው አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይቀየራል። የሚንሳፈፈው ገለባ ይወገዳል። ከዚያ ውሃው ይንጠፈጠፍና ገብሱ በኮባ ወይም በጉሎ ቅጠል ላይ ይነጠፋል። ቅጠል ካልተገኘ ንጹሕ ጆንያ ይሆናል። ላዩ ይሸፈናል። በየቀኑ ይገላበጥ፤ ከደረቀም ውሃ ይረጭበት። ቆላ በሦስት ቀን ይደርሳል። በሮቤና በጎባ ብርድ አራት ወይም አምስት ቀን ሊፈጅ ይችላል። ቡቃያው የፍሬውን ቁመት ሲያህል ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ካደገ ስኳሩን ራሱ ይበላዋል። በፀሐይ በደንብ ከደረቀ በኋላ ሸከፍ ተደርጎ ይፈጫል።

፭. አጠማመቅ

ለጀማሪ የሚሆን ልክ ይህ ነው።

ጌሾ፣ ቅጠሉና እንጨቱ በአንድነት፦ ግማሽ ኪሎ
ብቅል፦ 1 ኪሎ
የገብስ ዱቄት ለቂጣ፦ 2 ኪሎ
ገብስ ለእንኩሮ፦ 3 ኪሎ
ንጹሕ ውሃ፦ 20 ሊትር ያህል

እያንዳንዱ ቤት የራሱ ልክ አለው። በዚህ ጀምሩና እንደ አፋችሁ አስተካክሉ።

በመጀመሪያው ቀን፦ የጌሾው ቅጠል ደርቆ ይወቀጣል። የጌሾው እንጨት ለኋላ ይቀመጥ። በታጠነው ጋን ውስጥ የተወቀጠው ጌሾ፣ አንድ እፍኝ ብቅልና 4 ሊትር ውሃ ይደረጋል። ይከደናል። ይህ ጥንስስ ይባላል። ጌሾ ለጠላው ምሬት ይሰጣል፤ ቶሎ እንዳይበላሽም ይረዳዋል። ፈረንጆች ለቢራ ሆፕ የሚባል ተክል ይጨምራሉ። የኛ ሆፕ ጌሾ ነው።

በአራተኛው ቀን፦ ከ2 ኪሎው ዱቄት ወፈር ያለ ቂጣ ይጋገራል። አይረር። ሲቀዘቅዝ ይቆራረስና ከቀረው ብቅልና ከ4 ሊትር ውሃ ጋር ጋኑ ውስጥ ይገባል። ይማሰላል፤ ይከደናል። ከአንድ ቀን በኋላ አረፋ ይታያል። እርሾው ስኳሩን እየበላ አልኮልና አየር እያወጣ ነው ማለት ነው።

በስድስተኛው ቀን፦ 3 ኪሎው ገብስ ይቆላና ይፈጫል። ዱቄቱ ውሃ እየተረጨበት በጋለ ምጣድ ላይ ይንኮራል። ቡና ዓይነት ሲሆን ይወርዳል። የጠላው መልክ የሚመጣው ከዚህ ነው። ጥቁር ጠላ የሚወድ በደንብ ያሳርረው፤ ቀይ የሚወድ ቶሎ ያውርደው። እንኩሮው ሳይቀዘቅዝ አይግባ፤ ትኩስ ከገባ እርሾውን ይገድለዋል። ከቀዘቀዘ በኋላ ከተከተከተው የጌሾ እንጨትና ከ4 ሊትር ውሃ ጋር ይጨመራል። አሁን ድፍድፍ ሆነ። ተከድኖ አፉ በጭቃ ይመረጋል።

ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ካለፈ በኋላ፦ ይከፈትና 8 ሊትር ውሃ ይሞላበታል። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ቢሆን ይመረጣል። እንደገና ተከድኖ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቆያል። አሁን ጠላ ነው። ሳይጠለል ከተቀዳ ጉሽ ይባላል። ተጠልሎ የጠራው ከ12 እስከ 15 ሊትር ያህል ይወጣል። በቀረው ላይ 5 ወይም 6 ሊትር ውሃ ቢጨመር ቅራሪ ይገኛል። ቅራሪ ቀላል ነው፤ የሥራ ሰው ጥሙን ይቆርጥበታል። የመጨረሻው አተላ ለላምና ለበሬ ይሰጣል። እንግዲህ ከገብሱ የሚጣል ነገር የለም።

፮. ብርድና ጥንቃቄ

ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። ጎባ ደግሞ ከሮቤ ከፍ ትላለች። እርሾ ብርድ ሲሆን ይተኛል። ስለዚህ በታኅሣሥና በጥር ድፍድፉ ሊዘገይ ይችላል። ጋኑን ወደ ምድጃው አቅርቡት፤ ዙሪያውን ጭድ አልብሱት። ከሰኔቲ ማዶ፣ ደሎ መና ቆላ፣ ያው ድፍድፍ በጥቂት ቀን ይደርሳል። ስለዚህ የሌላ አገር ሰው የነገራችሁን ቀን ብቻ አትቁጠሩ። አረፋው ጋብ ማለቱን፣ ሽታውንና ጣዕሙን ተመልከቱ። ሳይደርስ የተከፈተ ጠላ ሆድ ይነፋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

የሚፈላ ጠላ በጀሪካን አፉ ጥብቅ ተደርጎ አይዘጋ። አየሩ መውጫ ሲያጣ ጀሪካኑን አሳብጦ ያፈነዳዋል። በጭቃ የተመረገ ጋን አየሩን ቀስ ብሎ ያወጣል፤ በጀሪካን ሲሆን ግን ክዳኑን ላላ አድርጉት።

ጠላ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ እናቶች አይሰጥ። ለጤነኛ ሰውም ልክ አለው።

ባሌ ውስጥ ብዙው ሰው ሙስሊም ነው፤ ጠላ አይጠጣም። ለእሱ ቀሪቦ አለ። ገብስ ጥቁር እስኪል ይቆላል፤ በውሃ ይፈላል፤ ይጠለላል፤ ሲቀዘቅዝ ስኳርና ጥቂት እርሾ ይጨመርበታል። ሲያድር ይጠጣል። ቀሪቦ ብዙ ቀን ከቆየ ግን እሱም አልኮል ያበጃል። ስለዚህ ቶሎ ይጠጣ። ዕቃ ማጽዳትና እህል መልቀም ለቀሪቦም ያው ነው።

፯. መጻፍ ይጠቅማል

ፊደል የተማረ ሰው ልኩን አይረሳም። በደብተራችሁ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ።

የተጠነሰሰበት ቀን፦ ጥር 3
ጌሾ፦ ግማሽ ኪሎ
ብቅል፦ 1 ኪሎ
ገብስ፦ 5 ኪሎ
የተቀዳበት ቀን፦ ጥር 17
ጣዕሙ፦ መልካም፤ ጥቂት መረረ
ለሚቀጥለው፦ ጌሾ ይቀነስ

ያስተማሩኝ እናት እንዲህ መጻፍ ጀመሩ። አንድ ቀን ጠላቸው እንደወትሮው ሳይሆን ቀረ። ደብተራቸውን ገለጡ። ጣታቸውን እያስኬዱ አነበቡ። ከዚያ ሣቅ አሉና «ልጄ፣ ብቅሉን ረስቼ ግማሽ ብቻ አግብቻለሁ» አሉኝ። ጥፋቱን ያገኙት ራሳቸው አንብበው ነው።

ጥያቄዎች

1. ጋን ሲገዛ የተሰነጠቀ አለመሆኑ እንዴት ይታወቃል?
2. የተባይ መድኃኒት የተያዘበት ጀሪካን ቢታጠብም ለምን አይሆንም?
3. ብቅል ለምን በምጣድ አይቆላም?
4. ከ100 የገብስ ፍሬ 76 ቢበቅል ምን ታደርጋላችሁ?
5. በትልቅ ጋን ሦስት እጥፍ ለመጥመቅ ብትፈልጉ ስንት ኪሎ ብቅል፣ ስንት ኪሎ ጌሾና ስንት ሊትር ውሃ ያስፈልጋል? አስሉ።
6. ቤታችሁ ውስጥ ያሉትን ጀሪካኖች ተመልከቱ። እያንዳንዱ አስቀድሞ ምን ተይዞበት ነበር? ለማታውቁት ምን ታደርጋላችሁ? በአምስት መስመር ጻፉ።

የቃላት ፍቺ

ጥንስስ፦ የጠላ መጀመሪያ
ድፍድፍ፦ ውሃ ሳይሞላበት ወፍሮ የተቀመጠ
ጉሽ፦ ያልተጠለለ ጠላ
ቅራሪ፦ ከጠላው ቀጥሎ ውሃ ተጨምሮ የሚወጣ ቀላል መጠጥ
አተላ፦ ጠላው ወጥቶ የሚቀረው ዝቃጭ
ማሟሸት፦ አዲስ የሸክላ ዕቃን ለሥራ ማዘጋጀት